እስትንፋሳችን ግምጃ ቤት ተቆልፎበታል!

ስለ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተሮች አያያዝና ጥገና የተደረገ ንግግር

ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት ንግግር በሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ለረጅም ዓመታት የሠሩ አንድ ባለሙያ ቦሌ አካባቢ በተደረገ ስብሰባ ላይ ለጤና ጣቢያ ኃላፊዎች፣ ለግል ክሊኒክ ባለቤቶች፣ ለነርሶችና ለአካባቢው ነዋሪዎች ያሰሙት ነው። ተናጋሪው ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋል። «ጉዳዩ የእኔ ስም አይደለም» ብለውናል። ንዑስ ርዕሶቹ የዝግጅት ክፍሉ ናቸው።



በቅድሚያ እዚህ እንድቆም ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የእኔ ቢጤ ሰው ወደ መድረክ ሲጠራ ብዙ ጊዜ ማይክሮፎኑን እንዲጠግን ነው። (ሳቅ) ዛሬ ግን ተናገር ተብያለሁና ዕድሉን ልጠቀምበት።

የመጣሁት ስለ አንዲት ሣጥን ልነግራችሁ ነው። ቁመቷ ከወንበር እምብዛም አይበልጥም። ከሥሯ ጎማ አላት፣ ግድግዳ ላይ ትሰካለች፣ እንደ ማቀዝቀዣ ታጓራለች። ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ትባላለች። ሥራዋ በነፃ የምንተነፍሰውን አየር ወስዳ ኦክስጅኑን ለይታ ለታመመ ሰው መስጠት ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁትን ኃላፊዎች ስንት ኮንሰንትሬተር አላችሁ ብላችሁ ወዲያው ትነግሩኛላችሁ፤ ሞዴል 19 ላይ ተጽፏልና። ስንቱ ይሠራል ብላችሁ ጥቂቶቻችሁ ትመልሱልኛላችሁ። ከሚሠሩት ውስጥ ስንቱ እውነተኛ ኦክስጅን ያወጣል ብላችሁስ? ይኸው፣ ዝም አላችሁ። ንግግሬ በሙሉ ስለዚህ ዝምታ ነው።

ከቦሌ ካርጎ እስከ ግምጃ ቤት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ሲነገር ይህ የከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል ድንገት የአገሪቱ የሕክምና ግንባር ሆነ። የካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮሮና ሕሙማን ተለየ። ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራው፣ ዘፋኝ የዘፈነበትና ነጋዴ ባዛር የዘረጋበት የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት የሕክምና ማዕከል ሆነ። ኤርፖርታችንም ለአፍሪካ ሁሉ በር ሆነ። መጋቢት 13 ቀን 2012 ዓ.ም. ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች የላኩት ጭነት ያረፈው ቦሌ ነው። በሚያዝያም የዓለም የምግብ ፕሮግራም የእርዳታ ማመላለሻ ማዕከሉን እዚሁ ቦሌ ከፈተ።

ያን ጊዜ ነው ሕዝባችን «ኦክስጅን» የሚለውን ቃል ከኬሚስትሪ ደብተር አውጥቶ በየቤቱ ማውራት የጀመረው። በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ማዕበሉ ሲበረታ ሲሊንደር ፍለጋ ዘመድ አዝማድ ሲሯሯጥ ያላየ ማነው? በዚያው ሰሞን ሕንድ ውስጥ ሰዎች በሆስፒታል ደጅ ላይ አየር አጥተው ሲሞቱ በቴሌቪዥን አይተን ደንግጠናል።

ከዚያ ምን ሆነ? ወረርሽኙ ጋብ አለ፤ እኛም ረሳን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው የእኛ ነገር ነው፤ አሁንማ መጮኹንም ትተነዋል። ነገር ግን ኦክስጅን የሚፈልገው ሕመም ከኮሮና ጋር አልመጣም፣ ከኮሮና ጋርም አልሄደም። ሳንባ ምች የያዘው ሕፃን አለ። ያለ ጊዜው የተወለደና ትንፋሽ የሚያጥረው አራስ አለ። ምጥ ላይ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት አለች። አስም የተነሳበት፣ በመኪና አደጋ የተጎዳ፣ ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው አለ። እነዚህ ትናንትም ነበሩ፣ ነገም ይመጣሉ።

መንግሥትም ይህን አያውቅም አልልም። የጤና ሚኒስቴር ስለ ሕክምና ኦክስጅንና ስለ ፐልስ ኦክሲሜትር ማስፋፊያ ያወጣው ፍኖተ ካርታ ከኮሮና በፊት የተዘጋጀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2021 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ወረቀት ግን አይተነፈስም! የወረቀት ፍሬ የሚለካው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ በደረሰች እናት ጀርባ ያለው ልጅ ኦክስጅን ሲያገኝ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝና አቅሙ የሚፈቅደው የሕክምና ኦክስጅን እንደማያገኝ ገልጿል። ከመቶ 60 ማለት ነው።

ወናፏ እንዴት ትሠራለች?

መሣሪያዋን ያላወቀ ሊንከባከባት አይችልም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ 78 ከመቶው ናይትሮጅን፣ 21 ከመቶው ኦክስጅን ነው። ሣጥኗ ውስጥ ኮምፕረሰር አለ። አየሩን ስቦ፣ በፊልተር አሳልፎ፣ ጨምቆ ወደ ሁለት ቱቦ መሳይ ዕቃዎች ይልከዋል። በእነሱ ውስጥ ዚዮላይት የሚባሉ እንደ ጥራጥሬ ያሉ ጥቃቅን እንክብሎች ታጭቀዋል። ዚዮላይት ግፊት ሲበዛበት ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። ግፊቱ ሲለቀቅ ደግሞ የያዘውን ናይትሮጅን ይተፋል። አንደኛው ሲይዝ ሁለተኛው ይተፋል፤ በየጥቂት ሴኮንዱ ተራ ይለዋወጣሉ። «ፉስ... ፉስ» የምትለው ለዚህ ነው። የቀጥቃጭን ወናፍ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱ ወናፎች በተራ ይነፋሉ፣ እሳቱ ግን አያቋርጥም። በደህና ጊዜዋ ከ90 እስከ 96 ከመቶ ንጹህ የሆነ ኦክስጅን ትሰጣለች።

ዚዮላይት የሚለውን ስም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1756 ክሮንስቴት የተባለ ስዊድናዊ ነው፤ ትርጉሙ «የሚፈላ ድንጋይ» ማለት ነው። ድንጋዩ ሲሞቅ የጠጣውን ውኃ እየለቀቀ ሲፈላ አይቶ ነው። ይህን የነገርኳችሁ ለወግ አይደለም። ዚዮላይት ውኃ ይወዳል፤ ውኃ ከጠጣ ደግሞ ናይትሮጅን መያዝ ይተዋል። እንግዲህ ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ግምጃ ቤት ውስጥ ያስቀመጣችኋት ሣጥን ምን እንደምትሆን ራሳችሁ ፍረዱ።

ስለ ወጪውም አንድ ቀላል ስሌት ልስጣችሁ። በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን የሚወስድ ሕመምተኛ በ24 ሰዓት 7,200 ሊትር ይጨርሳል። ትልቁ ሲሊንደር፣ ያ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያንከባልለው ቦምቦላ፣ የሚይዘው 7,000 ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ሲሊንደር! ማስሞያ፣ መኪና፣ ነዳጅ፣ ጫኝና አውራጅ ጨምሩበት። ባለ 5 ሊትሯ ኮንሰንትሬተር ደግሞ 350 ዋት ያህል ነው የምትስበው፤ በቀን 8.4 ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ለአራስ ልጅ በደቂቃ ግማሽ ወይም 1 ሊትር ስለሚበቃ ማከፋፈያ ሲገጠምላት አንዷ ሣጥን አራት ሕፃናትን ታስተነፍሳለች።

ልኳንም ማወቅ ይገባል። በጠና ለታመመና በደቂቃ 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ለሚፈልግ አዋቂ እሷ ብቻዋን አትበቃም፤ ሲሊንደር ወይም ከማምረቻ ፋብሪካ የሚመጣ መስመር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋም ትቆማለች። ስለዚህ አጠገቧ የተሞላ መጠባበቂያ ሲሊንደር የማይቆምበት ክፍል ቁማር የሚጫወት ክፍል ነው።

ከፍታ፣ አቧራና መብራት

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመለስ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው ያለችው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምፕረሰሩ በአንድ ጉርሻ የሚስበው አየር ሳሳ ይላል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለኮንሰንትሬተር ያወጣው መነሻ መስፈርት መሣሪያው ቢያንስ እስከ 2,000 ሜትር እንዲሠራ ይጠይቃል። አያችሁ? መስፈርቱን አሟልቷል ተብሎ የመጣ ዕቃ የእኛን ከተማ ላያሟላ ይችላል! ገዢው «በ2,500 ሜትር ከፍታ ስንት ከመቶ ይሰጣል?» ብሎ ካልጠየቀ ሻጩ ምን ቸገረው?

ሁለተኛው አቧራ ነው። ከመገናኛ እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከቦሌ ቡልቡላ እስከ ኮተቤ ድረስ ያለው ሰፈራችን ሕንፃ ሲቆም፣ መንገድ ሲቆፈር፣ ሲፈርስና ሲሠራ የኖረ ነው። ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ጭሱ ሁሉ አየር ውስጥ አለ። ሣጥኗ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አየር ትምጋለች። ለፈረንጅ አገር መኝታ ቤት ተብሎ የተጻፈው የጽዳት ጊዜ ለሰሚት አይሆንም።

ሦስተኛው መብራት ነው። ታላቁ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ደስ ብሎናል። ግድቡና የሕሙማኑ አልጋ ግን በመካከላቸው ብዙ ሽቦና ብዙ ትራንስፎርመር አለ። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ከ220 ቮልት በላይ ዘሎ ቢመጣ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱን ያቃጥለዋል። ጥሩ ስታቢላይዘር ከአንድ ካርድ ይረክሳል። መብራት ሲጠፋ ሣጥኗን አጥፉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ አስነሱ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ በውጭ ላሉ ወገኖቻችን ነው። በክፉ ቀን ኪሳቸውን አራግፈው መሣሪያ ገዝተው ለላኩት እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን የአሜሪካ መሣሪያ በ110 ቮልትና በ60 ኸርዝ የሚሠራ ነው። «ትራንስፎርመር ይደረግለት» ይባላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይለውጥም! የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲሽከረከር ከስድስት አንድ እጅ ፍጥነቱን ያጣል፣ ይግላልም። ላዩ ሲታይ ይሠራል፤ የሚወጣው ኦክስጅን ግን የተባለው አይደለም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ በሉ። ከዕቃውም ጋር የሁለት ዓመት መለዋወጫ ላኩ።

መብራቷ በርቷል ማለት ኦክስጅን አለ ማለት አይደለም

ወደ ዋናው ነጥብ መጣሁ። በዚህ አካባቢ አንድ ጤና ጣቢያ ተጠርቼ ሄድኩ፤ ስሙን አልጠራም። የተጠራሁት ለሌላ ዕቃ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ኮንሰንትሬተር ታጓራለች። አረንጓዴ መብራቷ በርቷል፤ በመለኪያው ውስጥ ያለችው ኳስ 5 ላይ ቆማለች። አንዲት ልጅ ቱቦው አፍንጫዋ ላይ ነው። ነርሷ «የልጅቷ ኦክስጅን አልነሣ አለ» አለችኝ። የኦክስጅን መለኪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አፏ ላይ ገጠምኩት። የሚወጣው ከተራ አየር ብዙም የማይሻል ነበር! ልጅቷን ወዲያው ወደ ሲሊንደር አዛወርናት፤ ተረፈች። ሣጥኗ ሁለት ክረምት እርጥብ ግምጃ ቤት ውስጥ ቆይታ የወጣች ናት አሉኝ። ድንጋዩ ውኃውን ጠጥቶ ጠግቦ ነበር።

ሥራ ያቆመች መሣሪያ ታስታውቃለች፤ ሌላ ይፈለጋል። የሚያስፈራው ሥራ ያቆመችና መብራቷ የበራ መሣሪያ ናት። ሐኪሙን ታታልላለች፣ ነርሷን ታታልላለች፣ እናትየዋን ታታልላለች። ከእነዚህ ሁሉ የማትታለለው የልጅቷ ሳንባ ብቻ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ኦክስጅንን በደም ውስጥ የኦክስጅን ማነስን የሚያክም ብሎ ከአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። መድኃኒት ነው እንግዲህ! ንጽሕናው ከ82 ከመቶ በታች ከወረደ መሣሪያው ለሕክምና አይሆንም። ጊዜው ያለፈበት ክኒን የሚሸጥ ፋርማሲ ይታሸጋል አይደል? ታዲያ ተራ አየር በቱቦ የሚሰጥ ክፍል ምን ይባል?

የማስጠንቀቂያ መብራትና ጩኸት አላት ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ሞዴል የኦክስጅን ጠቋሚ የለውም። ያላትም ብትሆን መብራት ሲጠፋ የምትጮኸው በባትሪ ነው፤ ባትሪውን የለወጠ ማነው? ብትጮኽስ «አስቸገረች» ተብሎ ዝም ይሰኛል። መፍትሔው አንዲት በእጅ የምትያዝ የኦክስጅን መለኪያ ናት። ለአንድ ጤና ጣቢያ ከበዛች ለሦስትና ለአራት አንድ ትግዛ። በወር አንድ ጊዜ ትዙር፤ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ሣጥኗ ላይ ይለጠፍ።

ሳይቃጠል በቅጠል

ለነርሶችና ለጽዳት ሠራተኞች የምነግራችሁ ብዙ አይደለም። ኢንጂነር አያስፈልገውም። ጻፉት።

አንደኛ፣ ከውጭ ያለውን ስፖንጅ ፊልተር በሳምንት አንዴ፣ አቧራ በበዛበት ሰፈር ከዚያም ቶሎ ቶሎ አውጥታችሁ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና እጠቡት፤ አለቅልቁት፣ ጨምቁት፣ ፈጽሞ ሲደርቅ መልሱት። እርጥቡን አትመልሱ። ያለ ፊልተርም አንድ ሰዓት አታሠሯት። ሁለት ፊልተር ካላችሁ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር አርቋት። መጋረጃ ሥር፣ ጥግ ላይ፣ ብርድ ልብስ አልብሳችሁ አታስቀምጧት። እሷም ትተነፍሳለች።

ሦስተኛ፣ የእርጥበት ጠርሙሷን ውኃ በየቀኑ ለውጡ። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ዲስትልድ ውኃ ይሁን፤ የቧንቧ ውኃ አይደለም። ክዳኑ ተንጋዶ ከተጠመዘዘ ኦክስጅኑ እዚያው ያመልጣል። ብዙ ጊዜ «ተበላሸች» የምትባለው በዚህ ነው።

አራተኛ፣ የቱቦውን ጫፍ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ንከሩት። አረፋ ከወጣ አየር እየደረሰ ነው፤ ካልወጣ የተጣጠፈ ወይም የሚያፈስ ነገር አለ። ይህ የሚነግራችሁ ስለ ፍሰቱ ብቻ ነው። ንጽሕናውን የሚያውቀው መለኪያው ነው።

አምስተኛ፣ ከተባለላት በላይ አትክፈቷት። 5 ሊትር የምትሰጠውን ከዚያ በላይ ብትስቧት መጠኑ ይበዛል እንጂ ኦክስጅኑ ይሳሳል።

ስድስተኛ፣ የማትሠራባትን ሣጥን ለወራት አትቆልፉባት። ደረቅ ቦታ ይሁን፤ በየጊዜው አውጥታችሁ ለተወሰኑ ሰዓታት አሠሯት። በክፍሉ ውስጥ ሲጋራ፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ የከሰል ምድጃ አይግባ። ኦክስጅን ባለበት ቤት እሳት ጨዋታ አያውቅም።

ይኸው ነው! ሳይቃጠል በቅጠል ያለው አባታችን ቢያይ ይህን ነው የሚለው።

ለሙያ ጓደኞቼ ደግሞ፤ ኦክስጅኑ ዝቅ ሲል ከርካሹ ጀምሩ። መጀመሪያ ፊልተሮቹን እዩ። ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ከዚያ የኮምፕረሰሩን ግፊት ለኩ። ከዚያ ቫልቮቹን። ዚዮላይቱን በመጨረሻ ጠርጥሩት። የሰዓት ቆጣሪዋን አንብቡ፤ ዓመት ሙሉ ሌት ተቀን የሠራች መሣሪያ 8,760 ሰዓት ሞልታለች። መኪናችንን በኪሎ ሜትሩ ዘይት እንለውጥለት የለ? የእሷስ ነፍስ የማን ነፍስ ናት?

«መለዋወጫ የለም» ይባላል

«ዶላር የለም፣ መለዋወጫ የለም፣ ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። እውነትነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በ16 አገሮች የተመዘገቡ ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መርምሮ ከመቶ 38 ያህሉ ከሥራ ውጭ መሆናቸውን አገኘ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በድሃ አገር ሆስፒታሎች ተበላሽተው የቆሙ 2,529 መሣሪያዎችን ታሪክ ተከታተለ። 1,821ዱ፣ ማለትም ከመቶ 72ቱ፣ አንድም መለዋወጫ ከውጭ ሳይመጣ ወደ ሥራ ተመልሰዋል! ምን ተደርጎ? ተጠርጎ፣ ሽቦ ተቀጥሎ፣ ፊውዝ ተለውጦ፣ ቱቦ ተተክቶ፣ ለተጠቃሚው አሠራሩ ተነግሮ። ጎደለ የተባለው እጅ እንጂ ዶላር አልነበረም።

ሥራውስ ሕይወት ያድናል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2008 ከፓፑዋ ኒው ጊኒ የወጣ ጥናት አለ። ከፊሎቹ ደጋ ላይ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች ኮንሰንትሬተርና ፐልስ ኦክሲሜትር ገብቶ፣ ነርሶችና ቴክኒሻኖች ሠልጥነው፣ ጥገናው ተከታታይ ሲሆን በሳንባ ምች የሚሞቱ ሕፃናት ከመቶ 35 ያህል ቀነሱ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም። ሣጥን፣ መለኪያና የሚንከባከብ ሰው አንድ ላይ ተገናኙ፤ አለቀ።

የሚጠግን እጅ የሚናቅበት አገር

ታዲያ እኛ ዘንድ ለምን አልሆነም? ክፉ ቃል ልናገር ነው፤ ይቅር በሉኝ። ሠሪን የመናቅ በሽታ አልለቀቀንም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ ቀጥቃጭ ብሎ የሚሰድበኝ የለም። ቢሮዬን ግን ሂዱና እዩት! በብዙ ቦታ የጥገና ክፍል የሚባለው ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ ከደረጃ ሥር፣ የተሰባበረ አልጋ የሚከመርበት ጨለማ ነው። ተግባረ ዕድ ያሠለጠናቸው ቴክኒሻኖች፣ ከጅማና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በባዮሜዲካል ምህንድስና የተመረቁ ልጆች አሉን። ልጁ ተመርቆ ይቀጠራል። ዊንዳይቨር ይሰጠዋል። መለኪያ የለም፣ ማኑዋል የለም፣ በስሙ የተመደበ ሳንቲም የለም። ከዚያ ሰነባብቶ ወደ ሻጭ ኩባንያ ይሄዳል። ማን ይፈርድበታል?

አንዲት ትንሽ ቫልቭ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ የግዥ ኮሚቴው ይሰበሰባል፤ ሰብሳቢው ስብሰባ ሄዷል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የሞቱ ሣጥኖች አሉ፤ አንዷ ኮምፕረሰሯ ደህና ነው፣ ሌላዋ ካርዷ ደህና ነው። ከሁለቱ አንድ ሕያው ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አይቻልም! ንብረት ነው፤ እስኪወገድ አይነካም። ሕፃኑ ቢሞት ግን የሚጠየቅበት ሞዴል የለም። ጉድ እኮ ነው!

በአንጻሩ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ካሜራ ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል። ለታጠበ ፊልተር ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን አይቼ አላውቅም። (ጭብጨባ) የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። የአዲሱን ቁጥር እየደመርን የቆመውን መቀነስ ረሳን።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በየጤና ተቋሙ በር ላይ በየወሩ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ስንት ኮንሰንትሬተር አለ፣ ስንቱ ተለክቶ ከ82 ከመቶ በላይ ሰጥቷል፣ ስንት የተሞላ ሲሊንደር አለ። ሦስት ቁጥር ብቻ! ምሥጢር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ሕዝቡ አንብቦ ይጠይቅ። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም።

ሁለተኛ፣ መሣሪያ ሲገዛም ሲለገስም የጥገናው ገንዘብ አብሮ ይመደብ። ፊልተር፣ ቫልቭ፣ የኮምፕረሰር ጎሚኒ፣ ባትሪ ተሟልቶ ያልመጣ ዕቃ ርክክብ አይፈረምበት። ቮልቱ፣ ኸርዙና ከፍታው ጨረታው ላይ ይጻፍ። አሥር ዓይነት ሞዴል ከመሰብሰብ ሁለት ዓይነት መርጦ መለዋወጫውን ማከማቸት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ክፍለ ከተሞች ያላችሁ ጤና ጣቢያዎችና የግል ክሊኒኮች አንድ የጋራ ጥገና ቤት አቋቁሙ። ለብቻ ለብቻ አቅም የለንም ካላችሁ በጋራ አላችሁ። እቁብ የሚጥል ሕዝብ አንድ የኦክስጅን መለኪያ በጋራ መግዛት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

አራተኛ፣ ለቴክኒሻኑ ያለ ሦስት ፕሮፎርማ የሚያወጣት ጥቂት የእጅ ገንዘብ ትሰጠው፤ በደረሰኝ ያወራርዳት። ከሞተ መሣሪያ ክፍል አውጥቶ ሌላውን እንዲያድን በጽሑፍ ሥልጣን ይሰጠው። ሲሠራ ይመስገን፣ ሲሰርቅ ይታሰር።

አምስተኛ፣ እናንተ ነዋሪዎች። ልጃችሁ አፍንጫ ላይ ቱቦ ሲደረግ «ይህች መሣሪያ የተለካችው መቼ ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ነርስ ደስ ይላታል፤ እሷም የምትፈልገው ይህንኑ ነውና።

ስጨርስ፤ ዛሬ ማታ ወደየመሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱ ግምጃ ቤቱን አስከፍቱ። በካርቶን ያለችውን አውጡ፣ አቧራዋን ጥረጉ፣ ፊልተሯን እጠቡ፣ ሰክታችሁ አሠሯት፣ አስለኩ። የዳነችውን ወደ ሕሙማን ክፍል መልሱ። ያልዳነችውን ምክንያቷን ጽፋችሁ ለጥገና ክፍል ስጡ። ነገ ጠዋት በዚህ ሰፈር ስንት ሣጥን እንደሚነሣ ታያላችሁ።

 አሁን ማይክሮፎኑ የሚሰነጣጠቅ ድምፅ ያሰማል፤ ከፈቀዳችሁልኝ እሱንም አይቼው ልሂድ። (ሳቅና ጭብጨባ)